ጤና መኮንኑን ማን ረሳው? የጎንደር ጤና ኮሌጅ የ70 ዓመት ታሪክ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር ከተማ ወደ ጣና ሐይቅ ሲወረድ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ደምቢያ ነው። ጥቁር አፈሩ እህል ያበቅላል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ያ የተኛ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። የአካባቢው ዋና ከተማ ቆላ ድባ ይባላል። በ1953 በዚህ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገባና 7 ሺህ ያህል ሰው ገደለ።

ወባ ለደምቢያ እንግዳ አልነበረም። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ሲሸሽ የኖረው ንዳዱን ፈርቶ ነው። ደምቢያ ግን ስሙ ቆላ ይባል እንጂ እንደ ጋምቤላ ያለ ወባ ዓመት እስከ ዓመት የማይለየው ቆላ አይደለም። ወባው ለጥቂት ዓመታት ጠፋ ጠፋ ይላል፤ ሰው ይረሳዋል፤ የተወለደው ልጅ ሳይለምደው ያድጋል። ከዚያ ዝናቡ የበዛበት፣ ሙቀቱ ከፍ ያለበት አንድ ዓመት ይመጣና ምንም መከላከያ በሌለው ሕዝብ ላይ ይወርዳል። የሚወርደውም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እህሉ ደርሶ አጫጅ በሚፈለግበት ወቅት ነው። አጫጁ ከተኛ እህሉ ማሳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የወባ ዓመት ሬሳ ብቻ አይደለም የሚያስቆጥረው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ረሃብም አብሮ ይዘራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኢትዮጵያ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። በአገሪቱ ያሉት ሐኪሞች በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ሲሆኑ የሚሠሩትም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነበር። ቆላ ድባ ላይ ሰው እየሞተ መሆኑ በወጉ የሚታወቀው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ ለማንም የሚቀናው መልስ ጥቂት ጎበዝ ወጣቶችን ቤሩት ወይም አውሮፓ ልኮ ሐኪም አድርጎ መመለስ ነበር። እሱም እየተሠራበት ነው። ነገር ግን ሐኪም ለማፍራት ሰባትና ስምንት ዓመት ይፈጃል፤ ከተመለሰ በኋላም ደምቢያ ሄዶ ይቀመጣል ብሎ የሚምል ሰው አልተገኘም። መንግሥት ከአሜሪካው የፖይንት ፎር የቴክኒክ ዕርዳታ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በ1954 ጎንደር ላይ የከፈተው ተቋም የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። ስሙ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተባለ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው።

ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው ቡድን ነው። አንደኛው ጤና መኮንን ነው፦ በሽተኛ ያክማል፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ከየት እንደመጣ ያጠናል፣ ጤና ጣቢያውን ያስተዳድራል። ሁለተኛዋ የማኅበረሰብ ነርስ ናት፦ ነፍሰ ጡሯንና አራሷን በየቤቷ ሄዳ ታያለች፣ ሕፃኑን ትመዝናለች፣ ትከትባለች። ሦስተኛው ሳኒታሪያኑ ነው፦ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ገበያውንና ቄራውን ይቆጣጠራል። የሳኒታሪያኑን ሥራ እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ አይጠፋም። በዚያን ጊዜ ሕፃናቱን ይገድል የነበረው በአብዛኛው በውኃና በእጅ የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን የሚያውቅ ግን ከሦስቱ ማን ብዙ ነፍስ እንዳዳነ ለመፍረድ አይቸኩልም።

የስያሜው ነገርም ትኩረት ይስባል። በዚያ ዘመን መኮንን ማለት ሹም ነው፤ ከበስተጀርባው ሠራዊት ወይም መሬት ያለው ሰው። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት መኮንን ተብሎ፣ ቦርሳ ይዞ አውራጃ ሲደርስ የአካባቢው ባላባት ምን ብሎ እንደተቀበለው መገመት ይቻላል። ሕዝቡ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው፤ ጤና መኮንኑን እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው "ዶክተር" ብሎ ነው።

እቅዱ አንድ ጤና ጣቢያ 50 ሺህ ሰው እንዲያገለግል፣ በዙሪያውም በድሬሰር የሚሠሩ ትንንሽ ክሊኒኮች እንዲኖሩት ነበር። ተማሪዎቹም ከመመረቃቸው በፊት አንድ ላይ ተደልድለው ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራሉ። ቆላ ድባ ራሱ ከቀደምቶቹ የልምምድ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ወረርሽኙ የፈጀው ከተማ የወረርሽኝ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው። የኮሌጁ ዋና ሐሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የሕዝብ ጤና በአዳራሽ ተምረው የሚጨርሱት ነገር አይደለም፤ መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው የሚሠሩትም አብረው ከተማሩ ነው። ይህ የቡድን ሥልጠና የጎንደር መታወቂያ ሆኖ ቆየ።

አራት ዓመት ሳይሞላ ፈተናው መጣ። በ1958 ወባ ከደምቢያ አልፎ የኢትዮጵያን ደጋማ አካባቢዎች አዳረሰ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር፣ ወባን የቆላ ሰው በሽታ አድርጎ የሚያስብ ሕዝብ ታመመ። ኋላ በ1961 ታትሞ በወጣው ጥናት ግምት መሠረት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሰው ሞቷል። ያን ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ከ25 ሚሊዮን በታች እንደነበር ሲታሰብ ቁጥሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባል። የዚህን ያህል እልቂት ግን ዛሬ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም። በጦርነትና በረሃብ የሞተውን የሚያስታውስ አገር በንዳድ የሞተውን ረስቶታል።

መንግሥት የሰጠው መልስ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅትን ማቋቋም ነበር። የቀድሞ ሰዎች ያስታውሱታል፤ ዲዲቲ የሚረጩት ሠራተኞች በየቤቱ በር ላይ ቁጥር ጽፈው ይሄዱ ነበር። ድርጅቱ የራሱ በጀት፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ ሠራተኛ ነበረው። ውጤትም አሳይቷል። ችግሩ ከጤና ጣቢያው ጎን ለጎን የቆመ ሌላ ቤት መሆኑ ነው። ጎንደር የምታሠለጥነው ቡድን ሁሉንም በሽታ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሠራ ነው፤ የወባ ድርጅቱ ደግሞ አንድ በሽታ ይዞ አገር ይዞራል። ገንዘቡ የሚከተለው አንዱን በሽታ ነው። ምክንያቱም ለጋሽ አገር "ወባን አጠፋሁ" ማለት ይወዳል፤ "አንድ ጤና ጣቢያ ለ10 ዓመት ደሞዝ ከፈልኩ" ብሎ የሚፎክር የለም። በ1970ዎቹ "ማጥፋት" የሚለው ቃል ቀርቶ "መቆጣጠር" በሚለው ተተካ። ይህ ጠብ ዛሬም አልበረደም፤ ወባው በኤችአይቪ፣ በፖሊዮ፣ በሌላም ስም እየተተካ ይቀጥላል።

ጎንደር በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነች። ከዚያው ዓመት እስከ 1967 የኢትዮጵያ መንግሥትና አሜሪካኖች አብረው ያካሄዱት አንድ የግምገማ ፕሮጀክት ነበር፤ ጤና ጣቢያ የገባባቸውን ከተሞችና ያልገባባቸውን እያነጻጸረ የጎንደር ምሩቃን በሕዝቡ ጤና ላይ ያመጡትን ለውጥ ለመለካት የሞከረ። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በ1960ዎቹ አፍሪካ ውስጥ ግን አንድን የጤና ፖሊሲ "ሠርቷል ወይ?" ብሎ በመስክ ቆጠራ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው ከውስጥ ነው። ጤና መኮንኑ እንደ ሐኪም ይሠራል፣ ሌሊት ይጠራል፣ አውራጃ ላይ ብቻውን ይፈርዳል። የደረጃ ዕድገቱ ግን አጭር ነው፤ ከአንድ ቦታ በላይ አይወጣም። አዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መንገዱ ግልጽ ሆነ። ጎበዙ ጤና መኮንን ተመልሶ ሕክምና ይማራል፣ ሐኪም ይሆናል፣ ከተማ ይቀራል። ሰውየውን የሚወቅስ ፍርደ ገምድል ነው። ሥርዓቱ ራሱ "ከፍ ማለት ከፈለግህ ከገጠር ውጣ" እያለው ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1975 ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ተላከ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ መሥራት የጎንደር የ20 ዓመት ልምድ ሆኖ ሳለ፣ አዲስ ነገር እንደተገኘ ተደርጎ በመፈክር ተነገረ።

1978 ላይ የሆነው ግን ከሁሉ ይገርማል። በዚያ ዓመት መስከረም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አልማ አታ ላይ የዓለምን መንግሥታት ሰብስበው ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ታዋቂውን መግለጫ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የጤና አገልግሎት ከትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን ከሕዝቡ ደጃፍ ይጀምር፤ መከላከል ይቅደም፤ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ በቡድን ይሥራ። ጎንደር በ1954 የጀመረችው ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ጎንደር ውስጥ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋርጦ ነበር። በ1978 በቦታው የተከፈተው ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቋቋመ የሕክምና ፋኩልቲ ነው። ዓለም ወደ ጎንደር ሐሳብ ሲመጣ ጎንደር ከሐሳቡ ወጣች።

በዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። የሕክምና ፋኩልቲው ለአገሪቱ ብዙ ሐኪም አፍርቷል፤ የጀርመን መምህራን ያመጡት ትምህርትና መሣሪያም ቀላል አልነበረም። ሐኪም አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ምጥ ይዟት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋትን እናት አላየም። ደርግም መሠረታዊ ጤናን በወረቀት አልካደም፤ በየቀበሌው የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችንና የልምድ አዋላጆችን አሠልጥኗል። የጠፋው መካከሉ ላይ የነበረው ሰው ነው። ላይ ሐኪም አለ፣ ታች የጥቂት ወር ሥልጠና ያገኘ ወኪል አለ። ወኪሉን የሚደግፍ፣ የአውራጃውን በሽታ አንድ ላይ የሚያይ፣ ቁጥሩን የሚጽፍ ጤና መኮንን አዲስ አይወጣም። ያሉትም በጡረታ፣ በስደትና በሙያ ለውጥ እያለቁ ሄዱ።

ሥልጠናው የተመለሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ጎንደርና ጅማ ላይ። ጅማ ከተመሠረተችበት ጊዜ ጀምራ ትምህርቷን ከማኅበረሰቡ ጋር አያይዛ ስለነበር ለዚህ አመቺ ሆነች። ጎንደር ደግሞ የቀድሞ ልምዷን ከመሳቢያ አወጣች። ከ1997 ጀምሮ ለ13 ዓመት ያህል የካርተር ማዕከል ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር በሠራው ፕሮግራም የኢትዮጵያ መምህራን ራሳቸው ለአገሩ በሽታ የሚሆኑ የማስተማሪያ ሞጁሎች ጻፉ። ከዚያ በፊት ተማሪው በሌላ አገር ሕዝብ ላይ በተጻፈ መጽሐፍ ነበር የሚማረው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሥራ ያለው ዳባት ነው። ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ወረዳ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1996 እዚያ የምርምር ማዕከል አቋቁሞ የተመረጡ ቀበሌዎችን ሕዝብ መከታተል ጀመረ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ መረጃ ሰብሳቢው በየጊዜው እያንዳንዱን ቤት ያንኳኳል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ ብሎ ይጽፋል። ከዓመት ዓመት። በኢትዮጵያ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2016 መሆኑን ያስታወሰ ሰው የዳባትን መዝገብ ዋጋ አይስተውም። እንዲህ ያሉ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች ባይኖሩ፣ ቡታጅራ ቀድማ እንደነበረች ይታወቃል፣ በገጠር ኢትዮጵያ ሰው በምን እንደሚሞት የሚታወቀው በግምት ነበር።

ሞቱ የሚመረመርበት መንገድ ደግሞ የተለየ ነው። ሰውየው የሞተው ቤቱ ነው፤ ሐኪም አላየውም፤ ወረቀት የለውም። ስለዚህ ጠያቂው የሐዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቆ ቤተሰቡ ዘንድ ይሄዳል። ትኩሳት ነበረው? ሳል ነበረው? ስንት ቀን ተኛ? እግሩ አብጦ ነበር? እናት ከሆነች ከወለደች ስንት ቀኗ ነበር? ልጇን የቀበረች እናት ፊት ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም። መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። "የእናቶች ሞት ቀንሷል" ተብሎ በዜና ከሚነገረው ቁጥር ጀርባ እንዲህ ያለ ቤት የተቀመጠ ሰው አለ።

እንዲህ ያለ ዓይን በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ሊቦ ከምከም ወረዳ አለ፤ አዲስ ዘመን ከተማ። ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት እዚያ ሰው በትኩሳት ይታመማል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ይከሳል፣ ይሞታል። መጀመሪያ የተሰጠው ግምት መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው የሚል ነበር። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። በ2005 በትክክል ሲመረመር በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ ተብሎ የሚታወቅ ነው። ሰሊጥና ማሽላ አጨዳ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት አይቀሩም ተባለ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በካላዛር ሕክምናና ምርምር በአገር ብቻ ሳይሆን በዓለምም የሚታወቅ ማዕከል አለው። ለሊቦ ከምከም ግን የዓመታት መዘግየት ነበር፤ ያለ ሕክምና ካላዛር ይዞት የሚተርፍ ሰው እምብዛም ስለሌለ መዘግየቱ የሚለካው በሬሳ ነው።

ከ2003 ወዲህ ያለው ታሪክ ለብዙ አንባቢ ቅርብ ነው። መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ ሁለት ሁለት አድርጎ በየቀበሌው ጤና ኬላ ላይ መደበ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። የሕፃናት ሞት የቀነሰበትን ዘመን ያለ እነሱ መጻፍ አይቻልም። እነሱን የሚደግፍ፣ ጤና ጣቢያውን የሚመራ ሰው ሲፈለግ ግን ያው የ1954ቱ ጤና መኮንን ትዝ አለ። በ2005 5 ሺህ ጤና መኮንኖችን በአጭር ጊዜ ለማሠልጠን የተፋጠነ ፕሮግራም ተከፈተ። ቀጥሎም ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ማዋለድና ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪ እንዲማሩ ተደረገ። በየወረዳው ሆስፒታል እናቶችን ቀዶ የሚያዋልዱት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

ግን የ1960ዎቹ ስህተት ተደገመ። ቁጥሩ ላይ ተሮጠ፤ የሙያው ማዕረግና ደሞዝ ተረሳ። የመንግሥትና የግል ኮሌጆች ጤና መኮንን በጅምላ አስመረቁ። ወረዳዎች የሚቀጥሩበት በጀት አጡ። ዛሬ ጤና መኮንን ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ማግኘት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚያው ወረዳ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ባለሙያ አንሶኛል ይላል። የተቀጠረውም ቢሆን ደሞዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። በ2025 ግንቦት በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎችን ሥራ እስከማቆም ያደረሰው ጥያቄ ከዚህ የተነሳ ነው። ጥያቄው የአንድ ዓመት የዋጋ ንረት ብቻ የወለደው አይደለም፤ ጎንደር የመጀመሪያዎቹን ጎበዝ ምሩቃኗን ያጣችበት ጥያቄ ነው።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ገደማ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በኤችአይቪና በሌሎች ፕሮግራሞች ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ፖይንት ፎር ለጎንደር ኮሌጅ የመጀመሪያውን መምህርና መጽሐፍ ከሰጠ 70 ዓመት አልፎታል። በ70 ዓመት ውስጥ የራሱን ቆጣሪ በራሱ ደሞዝ ማስቀመጥ ያልቻለ ሥርዓት አንድ ደብዳቤ ሲደርሰው ዓይኑ የሚጠፋ መሆኑ አያስደንቅም።

ወባውም ተመልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከኦሮሚያ ቀጥሎ ብዙ ሕመምተኛ የተገኘው አማራ ክልል ነው። ከ1958ቱ 150 ሺህ ሞት ጋር ሲተያይ መድኃኒቱና ጤና ኬላው የሠሩት ሥራ ይታያል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን 1,157 የተመዘገበ ሞት ነው። በግጭት መንገድ በተዘጋበት፣ አጎበር ባልደረሰበት፣ ጤና ኬላው በተዘረፈበት ቀበሌ የሞተውን የሚመዘግብ የለም። ጦርነቱ በ2021 እስከ ዳባት ወረዳ ገብቶ ነበር። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት ረጪውንም፣ ጤና መኮንኑንም፣ መዝገብ የያዘውን ጠያቂም እኩል ከመንገድ አስቀርቷል።

ደምቢያ ላይ ዛሬም ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ወባው የሚበረታው እንደ 1953ቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አጨዳው በሚደርስበት ጊዜ ነው።